በአንድ ቶን ብረት ውስጥ 300 ግራም

የተከበራችሁ በያጆች፣ አሰልጣኞችና የሳይት መሐንዲሶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራው ስለ ጥቃቅን ነገር ነው። አንድ ቶን ብረት ውስጥ ኒዮቢየም ከሚባለው ብረት 300 ግራም ይገባል እንበል። 0.03 በመቶ መሆኑ ነው። ይህቺው ላሜራው ሲበየድ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ላይ ትልቅ ድርሻ አላት።

ብረት ለማጠንከር ቀላሉ መንገድ ካርቦን መጨመር ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ጣጣው የሚመጣው ብየዳ ላይ ነው። ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ሳይቀልጥ በጣም ይግላል። ላሜራው ወፍራም ከሆነ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይመጠዋል። ካርቦኑ ከበዛ ያ ጠባብ ቦታ ይጠጥርና ተሰባሪ ይሆናል። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይዞ ከነበረ ደግሞ ሃይድሮጅን ይገባበታል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ይጎትታል። ሦስቱ ከተገናኙ አለቀ፣ ይሰነጠቃል። ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ማታ ያማረ ብየዳ ትታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ጠዋት ከጠርዙ ሥር ፀጉር የመሰለች መስመር ታገኛላችሁ። አንዳንዴ ከውስጥ ስለሆነች ጭራሽ አትታይም።

ብረት ውስጥ የሚጨመረው ማንጋኒዝም ጥሩ ነገር ነው፤ ብረቱ ውስጥ ያለውን ድኝ ይይዝልናል፣ ጥንካሬም ይሰጣል። ብየዳ ላይ ግን ያስከፍላል። የዓለም አቀፉ የብየዳ ተቋም ቀመር ማንጋኒዙን ለ6 አካፍላችሁ ካርቦኑ ላይ ደምሩ ይላል። ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ለ5፣ ኒኬልና መዳብ ለ15 ይካፈላሉ። ድምሩ የካርቦን አቻ ይባላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ብየዳው ላይ የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል።

ለምሳሌ ሦስት ላሜራ እንውሰድ። አንደኛው ካርቦን 0.15 በመቶ፣ ማንጋኒዝ 0.60 በመቶ፤ አቻው 0.25። ማንም ይበይደዋል፣ ግን ለከባድ ሥራ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው 0.20 እና 1.50፤ አቻው 0.45። ጠንካራ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ግን ቀድማችሁ ሳታሞቁት እንዳትነኩት። ሦስተኛው ካርቦን 0.10፣ ማንጋኒዝ 1.50፣ እና ያቺ 0.03 ኒዮቢየም፤ አቻው 0.35። በአግባቡ ከተዳመጠ በጥንካሬ ከሁለተኛው አያንስም።

እንዴት? ኒዮቢየሙ ከካርቦንና ከናይትሮጅን ጋር ተጣምሮ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይሠራል። ትኩሱ ብረት ሲዳመጥ እነዚህ ቅንጣቶች የብረቱን ክሪስታሎች እንዳያድጉ ይይዟቸዋል። ክሪስታሉ ሲደቅ ብረቱ ይጠነክራል፤ በቀላሉ መሰበሩም ይቀንሳል። ሌሎቹ ዘዴዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሲሰጡ ሌላውን ይነሳሉ። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሬት ሌክስ ስቲል እንዲህ ያለውን ብረት እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ አቀረበ።

ቦሮን የምትባለዋን ንጥረ ነገር ግን ተጠንቀቋት። 0.002 በመቶ እንኳ ብትሆን ብረቱ በቀላሉ እንዲጠጥር ታደርገዋለች። የነገርኳችሁ ቀመር ውስጥ ደግሞ የለችም። ስለዚህ የፋብሪካው ሰርቲፊኬት ላይ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ እያንዳንዱን ቁጥር እዩ። ሰርቲፊኬት የሌለው ላሜራ ከመጣ፣ የካርቦን አቻው ከፍተኛ ነው ብላችሁ ነው መነሳት ያለባችሁ። ከቁራጩ ላይ በይዳችሁ ሞክሩት። 7018 የሚባለው፣ ሃይድሮጅን እንዳይበዛ ተደርጎ የተሠራው ኤሌክትሮድ፣ ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ ኦቨን ውስጥ ይቀመጥ። «ትናንት ነው የከፈትነው» ብሎ ነገር የለም።

ጥያቄ ካላችሁ መድረኩ ክፍት ነው። አመሰግናለሁ።