ካርድ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን፤ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ነጭ ሰረዝ]

ጤና ይስጥልኝ። ይቺን ሰረዝ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ የሃርድ ዲስክ መሰኪያ አለቀባችሁ፤ አራት መሰኪያ ያላት የሳታ ካርድ (ተጨማሪ የሃርድ ዲስክ መሰኪያ የምትሰጥ ካርድ) ገዛችሁ፤ ሰካችሁ፤ ኬዙን እንኳ ሳትዘጉ አበራችሁት። ትናንት ማታ ፊልም ያያችሁበት ኮምፒውተር ዛሬ «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ»፣ ማለትም «የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም» ይላል። ዊንዶውስ የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ የማያውቅ ይመስላል።

ፎርማት ግን እንዳታደርጉ። እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ ኬዙን ሳይከፍት «ሲስተሙ ሄዷል፣ ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ። እሺ አልኩት። የሦስት ዓመት ፎቶ ሄደ። በኋላ ሲገባኝ ጥፋቱ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የማስጀመሪያ ፕሮግራም ውስጥ፣ ያለ አንድ መስመር ነበር።

መጀመሪያ ካርዷን አውጧት። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ፣ ካርዷን አውጥታችሁ እንደገና አብሩ። ከተነሳ ዲስካችሁም ዊንዶውሳችሁም ደህና ናቸው፤ ተረጋጉ። ካልተነሳ ደግሞ ካርዷን ስትሰኩ ክንዳችሁ የነካው የሳታ ገመድ ይኖራል። መያዣ የሌላቸው ገመዶች በትንሽ ግፊት ይላላሉ፤ ሁሉንም ጫን ጫን አድርጓቸው።

[ምስል፦ ኬዙ ውስጥ፤ ጣት የሳታ ገመድ ሲጫን]

አሁን ምን እንደተፈጠረ እንይ። ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ገና የለም። ያለው ባዮስ ነው። እሱም ዲስኮቹን አሰልፎ፣ ከፊት ያለው ላይ ማስነሻ ይፈልጋል። ካርዷ ደግሞ የራሷ ትንሽ ፕሮግራም አላት፤ ኦፕሽን ሮም ይባላል። ባዮስ ገና ሲጀምር ያስኬደዋል፤ እሱም ካርዷ ላይ ያሉትን ዲስኮች ያስመዘግባል። አንዳንድ ማዘርቦርድ ታዲያ አዲሶቹን ከፊት ያስገባቸዋል፤ ልክ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላ መጥቶ ከተራ አስከባሪው ጋር ስለሚተዋወቅ ቀድሞ እንደሚገባው ሰው። ከፊት የገባው ካርዷ ላይ የሰካችሁት የፎቶና የፊልም ዲስካችሁ ነው፤ ዊንዶውስ የለበትም።

መፍትሔው ሰልፉን ማስተካከል ነው። ሲበራ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 እየተጫናችሁ ባዮስ ግቡ፣ ቡት የሚለውን ክፈቱ። ብዙ ሰው እዚህ ይታለላል፦ ዋናው ዝርዝር ላይ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ይታይና «የእኔ ጠፋ» ይላል። አልጠፋም። በብዙ ማዘርቦርድ የዲስኮቹ የእርስ በርስ ተራ ያለው ከታች «ሃርድ ድራይቭ ቢቢኤስ ፕራዮሪቲስ» በሚል ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ገብታችሁ የዊንዶውሱን ዲስክ አንደኛ አድርጉት። አዲሱ የባዮስ አሠራር፣ ማለትም ዩኢኤፍአይ ከሆነ፣ አንደኛ መሆን ያለበት «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለው ነው።

ተራው ትክክል ሆኖም ሲበራ በሚታየው የፋብሪካው ሎጎ ላይ ቀጥ ካለ፣ የቦታ ጥበት ሊሆን ይችላል። በድሮው አሠራር ለተጨማሪ ካርዶች ኦፕሽን ሮም የተተወው የሜሞሪ ክልል 128 ኪሎባይት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ የስክሪን ካርዱ ይወስዳል፣ ኮምፒውተሩን በኔትወርክ የሚያስነሳው ፕሮግራምም ይወስዳል። በኔትወርክ የምታስነሱት ነገር ከሌለ ባዮስ ውስጥ አጥፉት፤ ቦታ ይለቀቃል። ከካርዷ ላይ ዊንዶውስ የማታስነሱ ከሆነም የእሷን ኦፕሽን ሮም ማጥፋት ይቻላል። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ዲስኮቹን የሚያገኛቸው በራሱ ድራይቨር (ከካርዷ ጋር በሚያግባባው ፕሮግራም) ነውና ምንም አይጎድልባችሁም።

[ምስል፦ ሰማያዊ ስክሪን]

ሰማያዊው ስክሪን ሌላ ታሪክ ነው። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል፤ በቁጥሩ ሰባት ቢ የሚባለው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የዊንዶውሱን ዲስክ ራሱን ነቅላችሁ ካርዷ ላይ ስትሰኩት ነው። ባዮስ ዲስኩን አግኝቶ ዊንዶውስን ጀመረ፤ ዊንዶውስ ግን የካርዷ ድራይቨር ስለሌለው የተቀመጠበትን ዲስክ ማንበብ አቃተው። ዲስኩን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሱ። ካርዷ ላይ ሌላ ዲስክ ሰክታችሁ አብሩ፣ ድራይቨሯን ጫኑ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ አዛውሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዊንዶውሱን ከማዘርቦርዱ አታንሱት፤ ካርዷ የዕቃ ቤት ትሁን።

በነገራችን ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ስላለችው ክብ ባትሪ «ባትሪዋን አውጥተህ መልሳት» የሚል ምክር አለ። ባትሪዋ ስትወጣ ባዮስ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ይመለሳል። የሳታው አሠራር ዊንዶውስ ሲጫን ከነበረው፣ ለምሳሌ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ከተቀየረ ያው ሰባት ቢ ይመጣል። ባትሪዋን ከመንካታችሁ በፊት የባዮሱን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

ከሰርቨር የወጣች ያገለገለች ካርድ ከሆነችና ስክሪኑ ጭራሽ ካልበራ ደግሞ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ዕቃዎቹ በተገጠሙበት ገጽ፣ ካርዷ ከኬዙ ጋር ከምትታሰርበት ብረት በኩል ስትቆጥሩ 5ኛውንና 6ኛውን የወርቅ ጥርስ በቀጭን ናስትሮ ሸፍኗቸው። እነዚህ ሁለቱ ዳታ አያመላልሱም፤ ካርዷ ከማዘርቦርዱ ጋር የቁጥጥር መልእክት የምትለዋወጥባቸው ናቸው፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ የሚያጋጨውም እሱ ነው። ናስትሮው 4ኛውንና 7ኛውን እንዳይነካ፣ ስትሰኳትም ቀስ ብላችሁ፤ ይሸሻል።