መብራት የሄደ ምሽት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ዊንዶውሱ ሳይነካ ኡቡንቱን አብረህ ጫንልኝ» አለኝ። ኡቡንቱ ማለት እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያሠራ ሲስተም ነው፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ። እሺ ከማለቴ በፊት «ፎቶዎችህ ሌላ ቦታ አሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። የሉም።

እኔ ይህን መጠየቅ የተማርኩት በአንድ ምሽት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነበረኝ፣ ካልተሰካ አይሠራም። ለሊኑክስ ቦታ ለማውጣት ብዬ ፓርቲሽኑን፣ ማለትም ፋይሎቼ ያሉበትን የዲስኩን ክፍል፣ ከመጨረሻው መቀነስ ሲገባኝ ከመጀመሪያው ቀነስኩት። ልዩነቱን ያኔ አላውቅም ነበር። ከመጨረሻው ሲቀነስ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ባዶው ጫፍ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ከመጀመሪያው ሲሆን ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ተነስቶ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት፣ ሰዓታት ይፈጃል። 60 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

እናቴ ሻማ ይዛ ገባች። «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የእህቴ የምርቃት ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። መብራቱ ሲመለስ ፓርቲሽኑ አልከፈት አለ። የጠፋ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም ጥቂቱን አገኘሁ፤ ፊቷ ይታያል፣ ከአንገቷ በታች ግን ሁሉም ግራጫ ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ቡት ሎደሩን ነው፣ ማሽኑ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም። አፕዴት ይደረግና በማግስቱ ግረብ (ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ ብሎ የሚያስመርጠው የሊኑክስ ቡት ሎደር) የለም፣ ማሽኑ ቀጥታ ዊንዶውስ ይከፍታል፣ ሰው ይደነግጣል። በአዲሶቹ ማሽኖች የሁለቱም ማስነሻ ፋይል የሚቀመጠው አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተቀየረው የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ብቻ ስለሆነ ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ) ገብቶ ኡቡንቱን ወደ ላይ ማውጣት ይበቃል። ካልሆነም በፍላሽ አስነስቶ ግረብን እንደገና መጫን ነው። ይህ ይመለሳል። የእህቴ ፎቶ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስለዚህ ከልጁ ጋር መጀመሪያ ፎቶዎቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያ ቢትሎከር፣ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ ሥራ ላይ መሆኑን አየሁ፤ ማስነሻው ሲነካ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፣ ቁልፉ ደግሞ 48 አሃዝ ነው። እሱ እያነበበልኝ ደብተር ላይ ጻፍኩት፣ ሁለቴ አመሳከርን። ፋስት ስታርትአፑንም፣ ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ አጠፋሁ፣ ምክንያቱም እሱ ካለ ዊንዶውስ ጠፋ ሲባል በደንብ አይዘጋም፣ ሊኑክስ ዲስኩን ሳይዘጋ ያገኘዋል። በመጨረሻ በራሱ በዊንዶውስ ከጫፉ 60 ጊጋ ቀነስን። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ኡቡንቱን ከጫንን በሦስተኛው ቀን ልጁ ደወለ። «ዊንዶውሱ ሰዓቱን 3 ሰዓት ወደ ኋላ አደረገብኝ!» ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በግሪንዊች ሰዓት ይጽፈዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአዲስ አበባ ነው ብሎ ያነበዋል። ተርሚናል ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ተስተካከለ።

«ሃርድ ዲስኩስ የት ነው?» አልኩት።

«እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።»