ኑክለሱ ሽምብራ ነው

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከደሴ ነን። ጦሳ ተራራ ዛሬም ጭጋግ ለብሷል፣ ቡናው ግን ፈልቷል። የዛሬ ወሬያችን ክፍል ውስጥ ስለምናሠራቸው ነገሮች ነው፤ ተማሪው ከመገልበጥ አልፎ እጁንም አፉንም የሚያንቀሳቅስባቸው። አንተ ከጉድህ ጀምር።

እሱ፦ (ሳቅ) ኧረ ተይኝ እህቴ! እሺ። ሰባተኛ ክፍል ሴልን ላስተምር ሌሊቱን ሊጥ አቦካሁ። ባለቤቴ «ምን ልትጋግር ነው?» አለችኝ። ሊጡ ሳይቶፕላዝም፣ መሀሉ ላይ ያስቀመጥኳት ሽምብራ ኑክለስ፣ የጠቀለልኩበት ፌስታል ደግሞ ሜምብሬን። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ «ኑክለስ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከኋላ አንዱ ብድግ አለና «ሽምብራ ነው መምህር!»

እሷ፦ አብሽር ወንድሜ!

እሱ፦ ልጁ ምን አጠፋ? ያስተማርኩት እሱን ነው። ያቦካሁትም ያሰብኩትም እኔ፤ እነሱ ቁጭ ብለው አዩ። አሁን ሊጡን አልተውኩትም፣ ግን ሽምብራዋን አውጥቼ እይዝና «ይቺ ስትወጣ ሴሉ ምን ያቅተዋል? ከጎንህ ካለው ጋር ተነጋገርና ጻፍ» እላለሁ።

እሷ፦ ሊገመግሙን ሲገቡ ግን «መርጃ መሣሪያ የት አለ?» ነው ጥያቄው። ግድግዳው በቻርት ከተሞላ ጨረስን።

እሱ፦ እውነት ነው። ወጪ የሌለው አንድ ልንገርሽ። ጣውላ፣ ሁለት ሚስማር፣ አንድ ቀጭን ሽቦ። ሽቦውን ወጥረሽ ከሥሩ በሁለቱም ጫፍ እርሳስ ታስገቢያለሽ፤ በእርሳሶቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር። ከመምታቴ በፊት «ግማሹ ላይ ይዤ ብመታው ድምፁ ምን ይሆናል?» ብዬ ግምታቸውን ደብተር ላይ አስጽፋለሁ። ግምት ያልጻፈ ጣውላውን አይነካም።

እሷ፦ ምን ይሆናል?

እሱ፦ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ንዝረቱ እጥፍ ይሆናላ። ከዚያ «በሉ ትዝታን ፈልጉ» እላቸዋለሁ። በጆሯቸው እየፈለጉ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው፤ በሜጀር ትዝታ ከክፍቱ ሽቦ ሌላ 53 ገደማ፣ 48፣ 40 እና 36 ሳንቲ ሜትር ላይ ያገኙታል። 40 ከ60 ሁለት ሦስተኛ ነው። የሒሳቡ መምህር ክፍልፋይ ላስተምርበት ብሎ ጣውላውን ከወሰደብኝ አልመለሰም።

እሷ፦ (ሳቅ) ባቲንስ?

እሱ፦ ባቲና አምባሰል ለቀጣዩ ሳምንት ይቀጠራሉ። ባቲ የቅኝት ስም መሆኑን ሲሰሙ የሚገረሙ አሉ። ለእነሱ የሰኞ ገበያ ነው።

እሷ፦ ለጂኦግራፊ ደግሞ ሐረጎን ውሰድ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይለዋወጣል ብለህ ታሰላለህ፣ ከዚያ ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ልጅ መቼ ጃኬቱን እንደሚያወልቅ ትጠይቀዋለህ። አለቀ።

እሱ፦ የውጫሌዋን ንገሪያቸው እንጂ፣ እሷን ነው የምወድልሽ።

እሷ፦ ውጫሌ ያው እዚህ ወደ ወልዲያ መንገድ ላይ ነው። የምኒልክና የጣልያን ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ተፈረመ፤ ጠቡ አንቀጽ 17 ነው። ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፣ ግን እንደ ስልክ ቁጥር። እና ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት። ለግራው ወገን የአማርኛውን ሐሳብ፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ጋር ለመላላክ በጣልያን መጠቀም «ይቻላቸዋል»። ለቀኙ ጣልያኖች የያዙትን፦ ግድ ነው። ወረቀቱ ተመሳሳይ ይመስላል፣ መለያየቱን አልነገርኳቸውም።

እሱ፦ ተንኮለኛ!

እሷ፦ ከዚያ «ምኒልክ ለእንግሊዟ ንግሥት በቀጥታ ቢጽፉ ውል አፈረሱ ወይ?» አልኩ። ግራው «ምን ሲደረግ!» ቀኙ «አፍርሰዋል!» ጩኸቱን ሰምቶ የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን አንኳኳ። አንዷ ልጅ ናት «እስቲ ወረቀታችሁን አሳዩን» ያለችው። ሲነበብ... ያ ዝምታ! ምኒልክ እውነትም ሲጽፉ በጣልያን በኩል ይሁን መባላቸውን የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሜ ብነግራቸው ሌላ ሽምብራ ነበር።

እሱ፦ ስድሳ ልጅ፣ 40 ደቂቃ። እንዴት ተበቃቃ?

እሷ፦ ዴስክ አልነካም። ዴስክ መጎተት ብቻውን አሥር ደቂቃ ይበላል። በአንድ ዴስክ ያሉት ሦስቱም በተቀመጡበት አንድ ወረቀት ይጋራሉ፣ መልስ የሚናገረውን እኔ ነኝ የምጠራው፤ አለዚያ አንድ ጎበዝ ሠርቶ ሁለቱ ይተኛሉ። ያም ሆኖ አልጨረስኩም። ሊደወል ሲል አንዱ «መምህር፣ ከመፈረሙ በፊት ሁለቱንም ጎን ለጎን ያነበበ አልነበረም?» አለኝ።

እሱ፦ ምን አልሽው?

እሷ፦ ደወሉ ደረሰልኝ!

እሱ፦ (ሳቅ) ሰኞ የሲቪክሱ መምህር ቀርቶ የእሱን ክፍለ ጊዜ ልሸፍን ነው። ወረቀቶቹን ላኪልኝ።

እሷ፦ ማታ በቴሌግራም። ጣውላውን ግን ከሒሳቡ መምህር አስመልስልኝ።