ይሄ ጨዋታ ምን ያስተምራል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሴ የልጆች ሙዚየም ነው። ሁሉም ሳይሆን፣ ልጆች እንደልባቸው እየነካኩ፣ ሐኪም፣ ሾፌር፣ ባለሱቅ እየሆኑ የሚጫወቱበት ዓይነት። ሰፊ አዳራሽ የተሰጠው ዕቃ ዕቃ በሉት።

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መስታወቱና «መንካት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ነው። እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን አይተን እንወጣለን። ልጅ ግን ያልነካውን ነገር አየሁት አይልም። ይሄን ቀደም ብለው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ለልጆች ተብሎ የተቋቋመው የመጀመሪያው ሙዚየም ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቦስተን በ1913 ተከተለ። ነገሩን የገለበጠው ግን በ1962 የቦስተኑን ሙዚየም በዳይሬክተርነት የተረከበው ማይክል ስፖክ ነው። አባቱ ቤንጃሚን ስፖክ ናቸው፤ በልጅ አስተዳደግ ምክራቸው ዓለም የሚያውቃቸው የሕፃናት ሐኪም። ልጅየው ግን ንባብ ይቸግረው ነበር። ዕቃውን ከመስታወት አውጥቶ ለልጆች እጅ መስጠት ያልከበደው ለዚህ ይመስለኛል። በ1976 ፊላደልፊያ ላይ የተከፈተው ሙዚየምማ ስሙ ራሱ «እባክዎ ይንኩ» ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መንካቱ ተፈቀደ፤ ወዲያው ደግሞ በየጥጉ ለወላጅ የሚሆን ጽሑፍ ተለጠፈ። «ልጅዎ እዚህ ሒሳብ ይማራል።» «ልጅዎ እዚህ ቋንቋ ያዳብራል።» ጨዋታ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ የማያወጣ ይመስል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የካፌ ጥግ ነው። አነስተኛ ባንኮኒ፣ የእንጨት ስኒዎች፣ አንዲት አራት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ። አባቷ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ተቀምጧል። ባዶ ስኒ ሰጠችው። እሱ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ወደ አፉ ሲወስድ ጮኸችበት። «ቆይ! ትኩስ ነው!» ስልኩን ኪሱ ከተተና እፍ እፍ አለበት። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «በቃ፣ አሁን ጠጣው።» ጠጣ። እሰይ አልኩ በልቤ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበና፣ «ሒሳብ ስንት ነው? አሥር ብሰጥሽ ስንት ትመልሺልኛለሽ?» አላት። አየት አደረገችው። ስኒውን ከእጁ ወሰደችና «ዘግተናል» አለችው።

አልፈረድኩባትም። ጨዋታ ደንብ አለው፤ ያውም ጥብቅ ደንብ። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 ስለ ጨዋታ በሰጠው ሌክቸር ላይ ከሌላ ሰው የወሰደው አንድ ምሳሌ አለ። ሁለት እህትማማች፣ አንዷ የአምስት፣ አንዷ የሰባት ዓመት፣ «ነይ እህትማማች ሆነን እንጫወት» ይባባላሉ። እህትማማቾች ናቸው እኮ! ግን በጨዋታው ውስጥ እህት የሚባል ሰው ምን እንደሚያደርግ ማሳየት አለባቸው። በሌላው ሰዓት ሳያስቡት የሚኖሩት ነገር እዚያ ላይ ደንብ ይሆናል። ትንሿ ባለካፌም እንደዚያው ናት። ትኩስ ነገር እፍ ይባልበታል። አባት ይሄን ደንብ አክብሮ ነበር። የመቀነስ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ግን ሌላ ቤት ገባ።

«ለአእምሮ ዕድገት ጠቃሚ ነው» የሚባለውስ? እ.ኤ.አ. በ2013 አንጀሊን ሊላርድ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና እስከዚያ ድረስ በማስመሰል ጨዋታ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግማ ነበር። ጨዋታው ብልህነትን ወይም ፈጠራን በራሱ ያመጣል ለማለት ማስረጃው የሚወራለትን ያህል ጠንካራ አይደለም አሉ። ከብዙ መንገዶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሌላ ነገር ጋር አብሮ የሚመጣ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ቀለል አለኝ። ጨዋታውን ለመውደድ የፈተና ውጤት መጠበቅ የለብኝማ። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም ትምህርትን በአንቀጽ 28 እና 29 ያስቀምጥና፣ ጨዋታን ለብቻው አንቀጽ 31 ላይ ከዕረፍት ጋር ያደርገዋል። የሒሳብ ማስተማሪያ ነው አይልም።

የዕቃው ነገርም አለ። ቁልፍ ስትጫን ድምፅ የሚያወጣ፣ መብራት የሚያበራ ማሳያ ብዙም አይማርከኝም። ልጁ ይጫናል፣ ዕቃው ይጮኻል፣ ልጁ ይሄዳል። ሁሉ ነገሩ ያለቀለት ዕቃ ለልጁ የሚሠራው አይተውለትም። እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሰው ሳይመን ኒኮልሰን በ1971 ይሄን ጽፎታል፤ የሚነሳ፣ የሚጣል፣ የሚገጣጠም ልቅ ቁራጭ በበዛ ቁጥር ፈጠራው ይበዛል ነው ሐሳቡ። አሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው የጨዋታ ሙዚየም ታላላቅ መጫወቻዎችን የሚያከብርበት ዝርዝር አለው። በ1998 አሻንጉሊቷ ባርቢና የሚገጣጠመው ሌጎ ገቡ። በ2005 ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ካርቶን! በ2008 ደግሞ እንጨት። አዎ፣ መሬት ላይ የወደቀ ተራ እንጨት። ማን እንደመረጠው ባላውቅም እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለ ቦታ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ካርታው ላይ ስምንት ክፍል ይኖራል፤ ልጁ አንዱ ላይ ይቀራል። አምቡላንሱ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን ሁሉ እዚያው ሊጨርስ ይችላል። «ና ሌላውን እንይ፣ ከፍለን ነው የገባነው» ማለት ያምራችኋል። ተዉት። በሽተኛ ነህ ከተባልክ ተኛ፤ ነርስ ነሽ ከተባልሽ መርፌውን ያዢ። የት እንደሚያምህ ሲጠይቅህ ደግሞ መልስ አዘጋጅ፤ «ደህና ነኝ» ብለህ ከተነሳህ አምቡላንሱ ሥራ ይፈታል።

በሉ፣ ለዛሬ ይሄው ነው። ሳምንት እንገናኝ።