የዛሬው ቀለበት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነው

የተከበራችሁ የቅርጫት ኳስ ማህበራችን አባላት፣ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ ከሐዋሳም ከዙሪያዋም የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ!

የሥራ ሪፖርቱም የሂሳቡም ነገር በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ፤ ጸሐፊያችን ያብራሩላችኋል። እኔ ከሰዓት በኋላ ስለምናካሂደው የዳንክ ውድድር፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን ከላይ በእጅ ቀለበቱ ውስጥ ስለመክተት ላውራችሁ።

ዛሬ በጠዋት ሜትር ይዘን ሜዳ ወጥተን ነበር። በሐይቁ በኩል ያለውን ቀለበት 8 ሳንቲም ዝቅ ብሎ አገኘነው። "ተዉት፣ ልጆቹ ይቅለላቸው" ያሉ ነበሩ። እኔ እምቢ አልኩ። በያጅ ጠርተን አስተካከልነው። አሁን 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነው፤ የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤም የሚጫወተው በዚሁ ነው። ዳንክን ትልቅ የሚያደርገው መጀመሪያ ይሄ ነው፤ ቀለበቱ ለማንም ዝቅ አይልም።

የኤንቢኤውን ተጫዋች ስፐድ ዌብን አስታውሱ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን እንበልጠዋለን! በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ዳላስ ላይ በኤንቢኤ የዳንክ ውድድር የቡድን ጓደኛውን፣ ያለፈውን ዓመት አሸናፊ ዶሚኒክ ዊልኪንስን አሸነፈ።

ዳንክን ትልቅ የሚያደርገው ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ፣ ማለትም የጊዜው ማጠር ነው። አንድ ሜትር ወደ ላይ የዘለለ ሰው አየር ላይ የሚቆየው 0.9 ሴኮንድ ብቻ ነው። ከዚያች ውስጥ ግማሹን የሚያሳልፈው በዝላዩ የላይኛው ሩብ ላይ ነው። ለዚህ ነው ተንሳፎ የቀረ የሚመስለን። ቪንስ ካርተር በ2000 ኦክላንድ ላይ ትሬሲ ማክግሬዲ መሬት አንጥሮ የሰጠውን ኳስ አየር ላይ ቀለበ፣ በእግሮቹ መሃል አሳለፈ፣ ከተተ። ይህ ሁሉ በዚያች ሽርፍራፊ ሴኮንድ! ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፤ አሁንም ያስደነግጠኛል።

ጁሊየስ ኧርቪንግ በ1976 ዴንቨር ላይ፣ ማይክል ጆርዳን በ1988 ቺካጎ ላይ ከፍሪ ትሮው መስመር፣ ማለትም ከቅጣት መወርወሪያው መስመር ተነስተው ከተዋል። መስመሩን ረግጠዋል አልረገጡም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ለእኔ ያ ትንሽ ነገር ነው። ቀለበቱ ከተሰቀለበት ቦርድ ወደ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ መነሳት ነው ቁም ነገሩ።

ዕቃ ላይ መዝለል ግን ብዙም አይማርከኝም። በ2011 ብሌክ ግሪፈን መኪና ዘለለ ተባለ። የዘለለው ኮፈኑን ነው።

ሙከራም ይቆጠራል። ኔት ሮቢንሰን በ2006 አንዱን ዳንክ ለማሳካት 14 ጊዜ ሞክሮ ውድድሩን አሸነፈ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በውጤቱ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማሁም። ተመልካች አራተኛው ሙከራ ላይ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ መደነቁ አልቋል። ስለዚህ በእኛ ውድድር ለአንድ ዳንክ የሚፈቀደው ሁለት ሙከራ ነው።

ይህን የምለው ልፋቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ ልጃችን ብቻውን ሲለማመድ አየሁት። መዳፉን በቁምጣው ጠረገ። ሁለት እርምጃ ሮጦ በግራ እግሩ ተነሳ። ኳሱ የቀለበቱን ፊት መትቶ መሃል ሜዳ ድረስ ተመለሰ። ደግሞ ሞከረ። አሁንም ያው። ዝላይ አላነሰውም፤ እጁ ትንሽ ስለሆነ ኳሱ አየር ላይ እያለ ያመልጠዋል። አሰልጣኙ አንጓውን አጥፎ ኳሱን በመዳፉና በክንዱ መሃል መቆለፍ አስተማሩት። ወራት ፈጀበት። ዛሬ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነው።

አምስቱ ዳኞቻችን፣ እያንዳንዳችሁ እስከ 10 ትሰጣላችሁ፤ ድምሩ ከ50 ነው። አደራችሁን፣ ነጥባችሁን ጭብጨባው ሳይጀምር ወስኑ። ውድድሩ ልክ 9 ሰዓት ይጀመራል፤ ነፋሱ ሳይበረታ እንድንጨርስ በሰዓቱ ሜዳ ላይ እንገናኝ። ጉባኤው ተከፍቷል።