የአጥንቱ ባለቤት ማን ነበር?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰኞ አናቶሚ (የሰው አካል አሠራር ጥናት) ክፍል ትገባላችሁ። «ስለ ትምህርቱ ታሪክ ትንሽ በሉን» ተብዬ ነው የቆምኩት። እሺ። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ጋለን እንስሳ እየቀደደ የተማረ ስለነበር የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጻፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቬሳሊየስ የሚባል ሐኪም ሰው ቀዶ አየ፤ አንድ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1543 ባዝል ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አጽም መቃብር ተደግፎ፣ የራስ ቅል እያየ ይተክዛል። ድንቅ ሥዕል ነው። ሐኪሙን እናውቃለን፣ አታሚውንም እናውቃለን። ያ የሚተክዘው ሰውዬስ ማን ነበር?

እኔ የመጣሁት ይህን ልጠይቅ ነው።

ቻርልስ በርን የሚባል አየርላንዳዊ ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ። ለንደን ላይ ሰው እየከፈለ ያየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1783 በ22 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሬሳዬን ባሕር ውስጥ ጣሉልኝ ብሎ ለምኖ ነበር። ሐኪሞቹ እንደቋመጡለት ያውቃላ! የለንደኑ ሐኪም ጆን ሀንተር ግን ገንዘብ ከፍሎ አስከሬኑን እጁ አስገባ። ቀቅሎ አጥንቱን ለየ። እ.ኤ.አ. በ1786 ሠዓሊው ሬይኖልድስ ሀንተርን ሣለው። ሐኪሙ ብዕር ይዞ በሐሳብ ተውጧል። ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት ረጃጅም የአጽም እግሮች ተንጠልጥለዋል። የበርን ናቸው። ሙሉ ሰውነቱ እንኳ አልተሣለም! አጽሙ ያለበት፣ በሀንተር ስም የተጠራው የለንደን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ሲከፈት አጽሙን ከእይታ አነሳው፤ ለምርምር ግን ይቀመጣል አለ። ባሕሩስ?

«የፈረንጅ ጣጣ ነው» የምትሉ አላችሁ። ቆይ! ባለፈው ዓመት በቴሌግራም የዞረችውን ፎቶ ያላየ አለ? ለራስ ቅሉ መነጽር አድርገውለት፣ ጥርሱ መሃል ሲጋራ ሰክተው የተነሱትን? ተሳቀ። መንገድ ላይ ሬሳ ሲያልፍ ቆመን የምናሳልፍ ሰዎች አናቶሚ ክፍል ስንገባ ምን ይነካናል? ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ፎቶ የሚያነሳ የእኔን ክፍል አይረግጥም!

ሌላው አጭር ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ንግዱን እስክታግድ ድረስ ለብዙ አገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች አጽም ትሸጥ ነበር። የእኛ ሳጥኖች ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። አጥንቶቹ ከየት እንደመጡ ከድሮ የግዢ ሰነዶች ይፈለግ ብዬ ጠይቄያለሁ። ኃላፊያችን እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ሰምተውኛል።

ጓንትና ጋዎን አትርሱ። ሰኞ ጠዋት 2፡30።