ደወሉን ማን ይስማው?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ከሰል ነው የማወራችሁ። ስለ ከሰልና ስለ ቤት አላርም። ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጉዳይ ነው።

እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ እናቴ ደሴ ናት። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ጃኬት ያስፈልጋችኋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ቡና የተፈላበትን ከሰል አይደፋውም። ከነማንደጃው መኝታ ቤት ያስገባዋል። በሩን ይዘጋና በሥሩ ጨርቅ ይወትፋል።

ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም፣ አይጎዳም ይባላል። ይህ አባባል ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ በኋላም ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ሰውም ጉንፋን ነው ብሎ ተሸፋፍኖ ይተኛል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ ጋዙ ማሰቢያን አብሮ መውሰዱ ነው። የታፈነ ሰው ደወል ቢሰማ እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ይገባዋል። እግሩም አይታዘዝለትም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጋዙን ሲያገኝ ብቻውን የሚጮኸው ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ ዲቴክተር የሚባለው፣ ጥሩ ነው፣ ነፍስ ያድናል። ሌላ ከሌላችሁ እሱኑ ግዙ። ግን ደወሉን የሚሰማው ጋዙን የሚተነፍሰው ሰው ብቻ መሆን የለበትም። መሣሪያው ከቤቱ የሌባ አላርም ጋር ይገናኝ የምለው ለዚህ ነው።

እናቴ ቤት የሌባ አላርም አለ። በርና መስኮት ላይ ሴንሰር፣ ግቢው ላይ ሳይረን፣ ሁሉንም የሚያዝ፣ ሲም ካርድ የሚወስድ ፓኔል። እንዲህ ያሉ ፓኔሎች ብዙዎቹ የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር ይቀበላሉ። ዲቴክተሩ ግን ለዚህ የተሠራ መሆን አለበት። ወይ ሽቦ የሚታሰርበት፣ ጋዝ ሲያገኝ ለፓኔሉ ምልክት የሚሰጥ የሪሌይ መውጫ ይኑረው፣ ወይ ከፓኔሉ ጋር በገመድ አልባ የሚግባባ ይሁን። ተራው ባለ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር። ኤሌክትሪሺያኑ ዲቴክተሩን እንደ በር ሴንሰር ተራ ዞን ላይ (ዞን ማለት ፓኔሉ ላይ ሴንሰር የሚታሰርበት መስመር ነው) ካሰረው ልፋቱ ከንቱ ነው። ለምን? ቤተሰብ ቤት ሲገባ አላርሙን በሪሞት ያጠፋዋል። ተራው ዞንም አብሮ ይተኛል። ከሰሉ የሚገባው ደግሞ ልክ ያኔ ነው፣ ሰው ቤት ሲሆን። ስለዚህ 24 ሰዓት የማይጠፋ ዞን ላይ ይታሰር። እኔ ቆሜ ነው ያስደረግሁት። አላርሙን አጥፍተን የዲቴክተሩን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫንነው፣ ጮኸ። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

መብራትም አለ። መብራት ሲጠፋ ነው ከሰል የሚበዛው። በሽቦ የታሰረው ዲቴክተር ኃይል የሚያገኘው ከፓኔሉ ስለሆነ የፓኔሉ ባትሪ ከደከመ ቤቱ ጠባቂ የለውም። ባትሪው በየጊዜው ይታይ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሰብኩበት ግን የሳይረኑ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ሳይረን ሲጮህ ሰው ሌባ መጣ ብሎ በሩን ይቀረቅራል። ለዚህ ጋዝ ደግሞ በር መክፈትና መውጣት ነው የሚያስፈልገው። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ያድናል ያልነው ደወል ሰውን ከጋዙ ጋር ይቆልፈዋል። ፓኔሉ ከፈቀደ ድምፁ ይለይ። ብዙ መሣሪያዎች አራቴ ጮኸው ፋታ ይወስዳሉ፣ ከዚያ እንደገና አራቴ። እናቴን ይህንኑ ድምፅ ደጋግሜ አሰማኋት።

እሷ በበኩሏ «ቡና ባፈላሁ ቁጥር ሊጮህብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ጋዙ 50 ፒፒኤም ሲሆን፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ሲሆን፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ታግሰው ነው የሚጮኹት። 300 ከደረሰ ግን በ3 ደቂቃ ውስጥ። ለአፍታ ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ትንሽ ጋዝ አይጮኹም። ቡና እየተፈላ ከጮኸ እውነቱን ነውና «እማዬ፣ ወዲያው ውጪ» አልኳት።

መሣሪያውን መኝታ ቤት ወይም ደጃፉ ላይ ስቀሉት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ግን አይሁን። ውስጡ ያለው ሴንሰር ያረጃል። እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ቀኑ ጀርባው ላይ ይጻፋል። ደግሞ ዲቴክተር አለኝ ተብሎ ከሰል መኝታ ቤት አይግባ። እባካችሁ።

የመጨረሻው ሥራ ፓኔሉ የሚደውልላቸውን ሰዎች መመዝገብ ነበር። ባለሙያው የእኔን ስልክ መጀመሪያ ሊያስገባ ሲል አስቆምኩት። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። በሌሊት ሐረጎን ወጥቼ እስክደርስ ጊዜው ያልፋል። አንደኛ የተመዘገቡት አጥር የሚያዋስኑን ጎረቤታችን ናቸው፣ ቁልፍም አላቸው። በሩን ከፍተው እናቴን ወደ ውጪ እንዲያወጧት፣ እሳቸውም ውስጥ እንዳይቆዩ፣ ከዚያ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል እንዲወስዷት ተነጋግረናል። የእኔ ስልክ ሁለተኛ ነው።